የግራጫዋ መርከብ ወራጅ

ጥቅምት 12

ይድረስ ፊትሽን አይቼ ለማላውቅሽ፣ ለወንድሜ ልጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ፤ የእናትሽንም እንዲሁ። ቤታችሁ ሙሉ፣ ጉልበታችሁ ብርቱ ይሁን። እኔ ከግራ ጉልበቴና ከጠፋብኝ ትዝታ በስተቀር ደህና ነኝ።

ይሄ ደግሞ ማነው ትዪኝ ይሆናል። አባትሽና እኔ የእኅትማማች ልጆች ነን። ያደግነው በአንድ ቤት፣ የተኛነው በአንድ አልጋ ነው፤ እሱ ራስጌ፣ እኔ ግርጌ። የኔ ስም በቤታችሁ ተነስቶ የሚያውቅ ከሆነ በደግ እንዳልተነሳ አላጣሁትም። «ያ የባሕር ወንበዴ» ብለውኝ ከሆነ ስም ማጥፋት አይደለም፤ ሥራዬ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼበት በቃኝ ብዬ ወርጃለሁ። አሁን የምኖረው ከእናንተ የሃያ ቀን መንገድ በሚርቅ የወደብ ከተማ ነው። ከአንዲት ልብስ አጣቢ ቤት ፎቁ ላይ አንድ ክፍል ተከራይቼ ጫማ እሰፋለሁ። ሸራ ሲጠግን የኖረ እጅ ጫማ አያቅተውም። ሰፈርተኛው «ካፒቴን ወስፌ» ይለኛል፤ መቀለዳቸው ነው። እውነት መሆኑን ቢያውቁ ጫማቸውን በብብታቸው ይዘው እግሬ አውጪኝ ይሉ ነበር።

እንዴት አገኘኸኝ አትዪም? ባለፈው ወር አንድ ጀልባ ቀዛፊ የተቀደደ ጫማ ይዞልኝ መጣ። ጥንዱን ያሰረው በገመድ ቁራጭ ነው። የገመዱን ጫፍ ባየሁ ጊዜ ወስፌው ከእጄ ወደቀ። እንደዚያ አድርጎ ጫፍ የሚቋጭ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው፤ ሁለቴ ወደ ውስጥ፣ አንዴ በላይ፣ ከዚያ በጥርስ ነከስ። «ይህን የሠራው ማነው?» አልኩት። «አንዲት ልጅ ናት፤ አባቷ ባሕር ላይ የቀረ» አለኝ። ያለሽበትን ከተማ የነገረኝም እሱ ነው፤ የኔው ከተማ ነበር።

የምለምንሽ ቀላል ነገር ነው። የባሕር ኑሮ ብዙ ነገር አስረስቶኛል። ጫማ እየሰፋሁ በሐሳቤ ወደ ቤታችን እሄዳለሁ፤ መንገዱን አገኘዋለሁ፣ ደጃፉ ላይ ስደርስ ይጠፋብኛል። ደረጃው ስንት ነበር? ሦስት ይመስለኛል፣ መልሼ አራት ይመስለኛል። በሩስ ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ የሚከፈተው? ይህችን ብቻ ጻፊልኝ። ገንዘብ አልፈልግም፤ ሌላም አልፈልግም።

አጎትሽ ነኝ፣ ከፈቀድሽ።


ኅዳር 10

ይድረስ ለአጎቴ፤ ፈቅጃለሁ።

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን እግዜር ያጽናልዎ፤ ለትዝታው እኛም እናግዝዎታለን። እኛ ደህና ነን። እናቴን ወገቧን ይዟታል እንጂ አፏ ጤነኛ ነው።

ደብዳቤዎ የመጣ ዕለት እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ ነበር። ከማን እንደሆነ ስነግራት ቢላዋውን አስቀመጠችና «ሞቷል አላሉም እንዴ?» አለች። ቢላዋውን መልሳ እያነሳች ደግሞ «መልኩስ ጥሩ ነበር፤ ሥራው ነው እንጂ» አለች። እውነቱን ልንገርዎ፣ በቤታችን እርስዎ ሲነሱ ድምፅ ዝቅ ይላል። ልጅ ሆኜ ባጠፋሁ ቁጥር «አጎትሽን ልትሆኚ ነው?» እባል ነበር። እኔ ደግሞ በሆዴ፣ ምናለ በሆንኩ፣ እላለሁ።

ደረጃው አራት ነው። ሦስተኛው ስለሚነቃነቅ ግን ማናችንም አንረግጠውም፤ እንዘለዋለን። ሦስትም አራትም የመሰለዎ ለዚህ ነው፤ ዓይንዎ አራት ቆጥሯል፣ እግርዎ ሦስት። በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። እጀታውን ይዘው ከታች በጉልበት ገፋ ካላደረጉት ንቅንቅ አይልም። በግራ ጉልበትዎ ከሆነ ግን ባይሞክሩት ይሻላል። ገባ ሲሉ በስተቀኝ የልብስ መስቀያ ምስማሮች አሉ፤ አምስት ናቸው፣ አንደኛው ዝቅ ብሎ የተመታ ነው። እናቴ «ያ የልጅ ነው፤ እነሱ ልጆች ሆነው የተመታ» አለችኝ። የአንዳችሁ መሆን አለበት።

እኔ አባቴ ይሠራበት በነበረው ገመድ ቤት ነው የምሠራው። ጫፉን የምቋጨው እናቴ እሱ ሲሠራ ያየችውን አሳይታኝ ነው። ከዚህ የቀረ የሱ ነገር ብዙም የለኝ።

እንግዲህ ተራዬ ስለሆነ እኔም ልጠይቅ። አባቴ ስድስት ዓመቴ ሳለ ገመድ ጭኖ በንግድ መርከብ ሄደ። መርከቡ ተመለሰ፤ እሱ አልተመለሰም። መርከበኞቹ ለእናቴ «ጭጋግ መጣ፤ ጭጋጉ ሲሄድ እሱ አልነበረም» አሏት፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት። በየዓመቱ የከተማው ጸሐፊ ቤተሰብ ሊመዘግብ ይመጣል። «ባለቤትሽስ?» ይላታል። «ሥራ ላይ ነው» ትለዋለች። ድሮ ይከራከራት ነበር፤ አሁን ሳይጠይቅ «ሥራ ላይ» ብሎ ጽፎ ውሃ ጠጥቶ ይሄዳል። አልቅሳ አታውቅም። ለሥራ የሄደ ሰው አይለቀስለትም ትላለች።

እርስዎ ባሕሩን ያውቁታል። የሰሙት ነገር ካለ ክፉም ቢሆን ይጻፉልን። የምንፈልገው ማወቅ ብቻ ነው።

የወንድምዎ ልጅ።


ታኅሣሥ 8

ይድረስ ለልጄ፤

እጅሽ ይባረክ፣ ዓይንሽ አይድከም። ስለ ደረጃው የጻፍሽልኝን አንብቤ ሣቅኩ፤ ከዚያ ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ፤ አከራዬ «ካፒቴን፣ ወስፌ ወጋህ እንዴ?» ብላ ከታች ጮኸችብኝ። ሦስተኛውን ዘለልኩት! ልክ እንዳልሽው እግሬ ያውቀው ኖሯል። በሩንም ገፋሁት። ዝቅ ያለው ምስማር የኔ ነበር፤ በቁመት አባትሽ ይበልጠኝ ነበርና።

ውለታሽን በወሬ ልመልስ። አንድ ጊዜ ሰው ሁሉ የተኛበት መርከብ አገኘን። ከመሪው እስከ ድመቱ ተኝተዋል። ዕቃ ልናወጣ ገባን፤ እኛም አንድ በአንድ ተጋደምን። ስንነቃ ጢማችን ደረታችን ደርሷል፤ ሁለቱ መርከቦች ጎን ለጎን ሆነው ሌላ ባሕር ላይ ቆመዋል፤ ውሃው እንደ ወተት ነጭ ነው። እነዚያም ነቅተዋል። ተያየን። መዝረፉም መዘረፉም አሳፈረንና ደህና ዋሉ ተባብለን ተለያየን። ሌላ ጊዜ ደግሞ የአንድ ንጉሥ አትክልት በሣጥን ተጭኖ ሲሄድ ዘረፍን፤ ዛፉ ከነአፈሩ፣ አበባው ከነንቡ። ስምንት ቀን ሙሉ መርከቧን የነዷት ንቦቹ ናቸው። እኛ ሸራ ሥር ተሸጉጠን «እባካችሁ ወደ ግራ» እያልን እንለምናቸው ነበር። በስምንተኛው ቀን አበባ ብቻ የበቀለባት ደሴት አድርሰውን ጥለውን ወረዱ። በሕይወቴ እንደዚያች ደሴት ጸጥ ያለ ነገር አላየሁም።

መርከባችንን ግራጫዋ ነው የምንላት። ነፋስ አትፈልግም፤ በጭጋግ ውስጥ ነው የምትሄደው። እኛ ዳቦ ስንበላ እሷ ትዝታ ትበላለች፤ በየዓመቱ ከያንዳንዳችን ትንሽ ትንሽ። መጀመሪያ የማያሳስብሽን ነው የምትወስደው፤ የጎረቤት ስም፣ የልብስ ቀለም። እያለች እያለች ደጃፍሽ ትደርሳለች። ደረጃ የጠየቅኩሽ ለዚህ ነው።

አሁን የምልሽን በጽሞና ስሚኝ። ከግራጫዋ የወረደ ሰው መሬት ላይ ሦስት ዓመት ይሰጠዋል። በሦስት ዓመት ውስጥ ከሥጋ ዘመዶቹ አንዱ በገዛ እጁ «ይህ ሰው የኛ ነው» ብሎ ከጻፈለት ትለቀዋለች። የሚጽፍለት ካጣ ራሷ መጥታ ትወስደዋለች። ሁለተኛ የተሳፈረ ደግሞ አይወርድም፤ እንጨቷ ይሆናል። እጅሽን ስታሳርፊበት የሚተነፍስ ሳንቃ በዓይኔ አይቻለሁ። የኔ ሦስት ዓመት ሰኔ ሲያልቅ ያልቃል። ሌላ ዘመድ የለኝም። አንድ ወረቀት ጻፊልኝ። በመጀመሪያው ደብዳቤ ሌላ አልፈልግም ያልኩሽ ውሸቴን ነው፤ ፈርቼ ነው።

ስለ አባትሽ የጠየቅሽኝን አይቻለሁ። ባሕር ሰፊ ነው፣ ልጄ።

አጎትሽ።


ጥር 2

ይድረስ ለአጎቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ብርዱስ? ወፍራም ነገር ይልበሱ፤ አከራይዎንም ሰላም ይበሉልኝ።

ወረቀቱ ይኸው። ለዚህም ይለመናል እንዴ? ኧረ ይተዉ! እናቴ አጠገቤ ቆማ «ጽሑፍሽን አሳምሪ፣ መርከብ ነው የሚያየው» እያለች ስታጣድፈኝ ነበር። እንዲህ ነው ያልኩት፦ «ይህ ሰው የኛ ነው። አባቴ አልጋውን የተካፈለው ሰው ነው፤ በራችንን መክፈት ያውቅበታል።» ካነሰ ይጻፉልኝ፣ እጨምራለሁ። እናቴ መርከቧ መኖሯን ታምን እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን አምኛለሁ። የተኙትን ሰዎች ከጻፉልኝ ወዲህ ሥራ ላይ ሆኜ ያንን ነጭ ውሃ አየዋለሁ።

ሥራዬ ለሕልም ይመቻል። ገመድ ቤቱ ረጅም አዳራሽ ነው፤ ጣሪያ አለው፣ ጎንና ጎኑ ክፍት ነው። ቃጫውን ወገቤ ላይ ጠምጥሜ፣ በጣቶቼ ከፊቴ እየለቀቅኩ፣ ወደ ኋላ እየሄድኩ ነው የምገምደው። ሦስት መቶ እርምጃ ወደ ኋላ። ቀኑን ሙሉ የምሄድበትን ሳላይ የመጣሁበትን እያየሁ እውላለሁ። ሠራተኞቹ «ኋልዮሽ» ነው የሚሉኝ፤ ከሥራ ወጥቼም ተረስቶኝ መንገድ ላይ አንድ ሁለቴ ወደ ኋላ ስለሄድኩ ነው። ገበያ መሀል የአንዲት ሴትዮ እንቁላል ላይ ተቀምጫለሁ፤ ይህን ለማንም አይንገሩ። አባቴ ትዝ የሚለኝም እዚያው ነው። ትንሽ ቃጫ ወገቤ ላይ ያስርልኝና «ዞር ብለሽ አትይ፣ ገመዱ ይላላል። እግርሽን እመኚው» ይለኛል። ድምፁን ግን አላስታውሰውም፤ ቃሉን ነው የማስታውሰው።

አጎቴ፣ ስለ አባቴ ጠየቅኩዎ፤ ስለ ንብ መለሱልኝ። ንቦቹን ወድጃቸዋለሁ። አባቴስ?

የወንድምዎ ልጅ።


መጋቢት 15

ይድረስ ለአጎቴ፤

እንደምን ነዎት? ከጻፍኩልዎ ሁለት ወር አልፏል። ወረቀቱ አልደረሰዎትም ይሆን? የፖስታ ጋሪው ነጂ በእጄ አስረክቤያለሁ ብሎ ይምላል፤ አከራይዋን ሳይቀር ገልጾልኛል። ታመው ከሆነ በሌላ ሰው እጅም ቢሆን ያስጽፉልኝ። ያስቀየምኩዎ ነገር ካለም አፌ ነው እንጂ ልቤ እንዳይደለ ይወቁልኝ። እናቴ በየቀኑ «ያ ሽፍታ ዝም አለ?» ትላለች፤ ሽፍታ ስትል ግን እንደ ድሮው ድምጿን ዝቅ አታደርግም። ለሰኔ ሦስት ወር ነው የቀረን። በሞቴ ይጻፉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ።


ሚያዝያ 5

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ። አላስቀየምሽኝም። ለመርከቧ የጻፍሽውን ወረቀት ከተቀበልኩ ሰባ ሦስት ቀን ሆኖኛል፤ ትራሴ ሥር ነበር። አሁን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼልሻለሁ። ለምን እንደሆነ እስክጨርስ ድረስ አትቅደጂው፤ ስጨርስ እንደፈለግሽ አድርጊው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። ግራጫዋ ማንበብ አትችልም። የዘመድ እጅ ወረቀቱ ላይ ማረፉን ብቻ ነው የምታሸተው። ዝም ብል ኖሮ ትለቀኝ ነበር፤ አንቺም ሳታውቂ ትኖሪ ነበር። ሰባ ሦስት ቀን ዝም ለማለት ሞከርኩ። አልቻልኩም።

መርከበኞቹ ለእናትሽ ጭጋግ መጣ አሏት። ጭጋጉ እኔ ነኝ።

የዚያን የንግድ መርከብ ጎን ስንይዝ እኛ ሰው ጎድሎን ነበር። ሰው ሲጎድል ከተያዘው መርከብ አንድ ሰው መርጦ ማስቀረት የአዛዡ ፈንታ ነው፤ አዛዡ እኔ ነበርኩ። ተደርድረው ሳይ አባትሽን አየሁት። ቀድሞ ያወቀኝ እሱ ነው። ደስ ብሎት በስሜ ጠራኝ፤ የመዳኛው ቀን መስሎት ነው። ልተወው እችል ነበር። ከሱ የበረታ፣ ባሕር የለመደ ሃያ ሰው አጠገቡ ቆሟል። ግን በዚያው ዓመት የእናቴ ድምፅ ጠፍቶብኝ ነበር፣ ልጄ። ፊቷ አለ፣ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። የቤታችንን ነገር የሚያውቅ ሰው አጠገቤ እንዲቀመጥ ፈለግኩ። «ይሄ» አልኩና በጣቴ ጠቆምኩት። ለሥራ አልነበረም። እንዲያወራልኝ ነው።

ስድስት ዓመት አወራልኝ። ስለ ቤቱ፣ ስለ እናትሽ፣ ስላንቺ። ግራጫዋ ከሱም መብላቷ አልቀረም፤ እሱ ግን ጠዋት ጠዋት ደጋግሞ በማውራት አንድ አንዱን አተረፈ። በዓመቱ መጨረሻ «ልቀቀኝ» ይለኛል። «ለከርሞ» እለዋለሁ። ስድስት ጊዜ ለከርሞ አልኩት።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ባሕሩ ጸጥ ብሎ፣ ሰማይና ውሃው አንድ ዓይነት ቀለም ሆኖ ነበር። ገመድ ያስፈልገን ነበርና አባትሽ ቃጫውን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ወለሉ ላይ መግመድ ጀመረ። የመርከቧ ወለል አርባ ሁለት እርምጃ ነው። ሁልጊዜ እየቆጠረ አርባ ላይ ይቆማል። የኋላውን መከታ የዚያን ሳምንት ማዕበል ወስዶት ገና አልሠራነውም። እኔ ከፊቱ ሣጥን ላይ ተቀምጬ «ስለ ቤት አውራልኝ» አልኩት። እያወራ ወደ ኋላ ሄደ። ስለ ቤት ሲያወራ ገመድ ቤቱ ውስጥ ያለ መሰለው መሰለኝ፤ መቁጠሩን ተወ። ሦስት መቶ እርምጃ እንዳለው ሰው ነው የሚሄደው። እኔ ደግሞ በደንብ እንዲታየኝ ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ድምፁ መሀል ላይ ሲቋረጥ ዓይኔን ገለጥኩ። ገመዱ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። እሱ የለም። ጀልባ አወረድን፤ እስኪመሽ ፈለግነው። አልተገኘም።

አሥራ ሦስት ዓመት ሆነው። አንቺ ጥር ላይ ወደ ኋላ እሄዳለሁ ብለሽ ስትጽፊልኝ ደብዳቤውን አጥፌ ከወረቀቱ ጋር ትራሴ ሥር ከተትኩት። ደረጃው ስንት ነው ብዬ የጻፍኩልሽ ጊዜም ያው የድሮ ሥራዬን ነበር የምሠራው፤ ዓይኔን ጨፍኜ ሌላ ሰው ቤቴን እንዲያወራልኝ። ይህን አሁን ነው ያወቅኩት።

ምንም አልጠይቅሽም። እናትሽ ትወቅ፤ ባሏ ሥራ ላይ አይደለም።

አጎትሽ ነኝ ማለት አልችልም።


ግንቦት 20

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ጤና ይስጣችሁ። መልስ ጠብቄ አይደለም የምጽፈው፤ ሳትሰሚ እንዳትቀሪ ብዬ ነው።

ጭጋጉ ጀምሯል። ሰው ሁሉ የአየሩ ጠባይ ነው ይላል። ጠዋት ከወደቡ ይነሳና በመንገዱ መሀል እንደ ሰው ይመጣል፤ ዳቦ ጋጋሪው ደጅ ትንሽ ይቆማል፤ ከዚያ በኛ ደረጃ ይወጣል። መደርደሪያዬ ላይ ያሉት ጫማዎች ውስጣቸው ረጥቧል። ትናንት አንዱን ሳነሳ የባሕር ውሃ ከውስጡ ፈሰሰ። አከራዬን ልብሱ አልደርቅ አላት፤ «ካፒቴን፣ ይህን ነገር አንተ ነህ ያመጣኸው» ብላ ቀለደች። እኔ ነኝ አልኳት።

አልሸሽም። የሰው ጫማ በእጄ አለ፤ እሱን ሠርቼ ለየባለቤቱ እያስረከብኩ ነው። ሰኔ ሳያልቅ ይጠናቀቃል።

አባትሽ ስላንቺ ሲያወራ ጣት ጣቱን ያነሳ ነበር፤ ዕድሜሽን የሚቆጥር ይመስል። ይህን ሳልጽፍልሽ እንዳልሄድ ብዬ ነው።


ሰኔ 3

አንተ ሰውዬ፤

ጤናህን አልጠይቅም።

ደብዳቤህን ያነበብኩት ገመድ ቤት ነው። እዚያው ቁጭ አልኩ። አለቃችን «ኋልዮሽ፣ ምን ሆነሻል?» ሲለኝ አልሰማሁትም። ለአንድ ወር ለእናቴ አልነገርኳትም። ስጠላህ ዋልኩ፣ ስጠላህ አደርኩ። ወረቀቱን እሳት ዳር ሦስት ጊዜ ይዤው ሄጃለሁ። ስድስት ጊዜ ለከርሞ! አንድ ጊዜ እንኳ ልቀቀው የሚልህ አንጀት አልነበረህም? እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በየዓመቱ ሥራ ላይ ነው እየተባልኩ አደግኩ። እውነትም ሥራ ላይ ነበር፤ አንተን ሲያጫውት!

በወሩ ነገርኳት። ሁሉንም አነበብኩላት። ተነሳችና ወለሉን አጠበች። በማግስቱ መስኮቱን። በሦስተኛው ቀን ጸሐፊው በአጋጣሚ መዝገቡን ይዞ መጣና እንደ ልማዱ «ሥራ ላይ» ብሎ ሊጽፍ ሲል እጁን ያዘችው። «ሞቷል ብለህ ጻፍ» አለችው። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀመችውን። ጸሐፊው እንኳ ባርኔጣውን አውልቆ አብሯት አለቀሰ፤ እሱም ለካ «ሥራ ላይ» ማለቱን ለምዶት ኖሯል።

ሲበቃት ፊቷን ታጠበችና «ያንን ሰው ጥሪው» አለችኝ። አበድሽ ወይ አልኳት። «አላበድኩም» አለች። «ሬሳ አላገኘሁ፣ መቃብር አላገኘሁ። ባሌን መጨረሻ ያየው ዓይን የሱ ነው። እንደ ፈለገ ይሁን፣ ያን ዓይን ማየት አለብኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያወራው የኛን ነው፤ የኛን ደግሞ ለኛ ይመልስልን።»

እውነቷን ነው። የአባቴ ድምፅ የለኝም፤ አንተ አለህ። ምን ሲል ይስቅ እንደነበር አላውቅም፤ አንተ ታውቃለህ። ግራጫዋ አንተን ከወሰደች እሱን ሁለተኛ ነው የምትወስድብኝ፤ አንድ ጊዜ ይበቃል።

ስለዚህ አዲስ ወረቀት ጽፌያለሁ። የድሮውን አቃጠልኩት፤ እሱን የጻፍኩት ለማላውቀው ሰው ነበር። አዲሱ እንዲህ ይላል፦ «ይህ ሰው የኛ ነው። ያደረገውን አውቃለሁ። ይቅር አላልኩትም። የኛ ነው።» መርከብህ ማንበብ አትችል ይሆናል፤ አንተ ግን ጮክ ብለህ አንብብላት።

ይቅር ብላኛለች ብለህ ደግሞ እንዳትመጣ። የምቆጣህ ነገር ገና አላለቀም፤ በደብዳቤ የሚያልቅም አይደለም። ፊት ለፊት ተቀምጠህ ትሰማኛለህ።

ደግሞ አንድ ነገር ዘለልክ። ድምፁ መሀል ላይ ተቋረጠ አልክ። ምን እያወራ ነበር? ቃል በቃል ጻፈው።


ሐምሌ 29

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለእናትሽም፤

እግዜር ዕድሜ ይስጣችሁ። የምጽፍልሽ መንገድ ላይ ሆኜ ነው፤ ከእናንተ የሦስት ቀን መንገድ የሚርቅ ማረፊያ ቤት፣ መስኮት ዳር ባለ ጠረጴዛ ላይ። የፖስታ ጋሪው ከኔ ይቀድማል፤ እኔ ጉልበቴን እያባበልኩ ነው የምመጣው።

ወረቀትሽ ሰኔ 23 ደረሰኝ። ግራጫዋ የመጣችው በ28 ነው፤ በቀትር። የመጨረሻውን ጥንድ ጫማ አስረክቤ ስመለስ መንገዱ ጠፋ። የዳቦ ቤቱ ጭስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ግንባሯ በቤቶቹ መሀል እየገፋ መጣ፤ ድንጋዩን ሳትነካ፣ ገመድ ላይ የተሰጡትን አንሶላዎች ሳታወርድ። ሳንቃዎቹ ሲተነፍሱ ይሰማኛል፤ ከማውቃቸው ሰዎች የአንድ ሁለቱን ትንፋሽ ለየሁት። ወረቀቱን ዘርግቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ይቅር አላልኩትም» ላይ ስደርስ ቆምኩ፤ መልሼ ከመጀመሪያው አነበብኩት። አንገቷን ዝቅ አድርጋ እንደ ላም እጄን አሸተተችኝ። ብዙ ቆየች። ከዚያ ሳትዞር፣ ወደ ኋላ እየሄደች በመጣችበት ተመለሰች። መንገዱ ላይ የቀረው እርጥብ ድንጋይና እኔ ነን። አከራዬ ብቅ አለችና «ካፒቴን፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለችኝ። ከዘመዶቼ ጋር አልኳት።

እሷን አልፈራኋትም። እናንተን ግን እፈራለሁ። በየማረፊያው ልመለስ ይቃጣኛል፤ እንደገና እነሳለሁ። የነገረኝን ሁሉ እንዳይጎድልብኝ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነው የምሄደው፤ ሰው እብድ ነው ብሎ መንገድ ይለቅልኛል።

የጠየቅሽኝን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ። እንዲህ ነበር ያለው፦

«ልጄ አራት ዓመቷ ሳለ አንድ ቀን ጠፋችብን። ቤቱን አገላበጥነው። እናቷ በጎረቤት፣ እኔ በገመድ ቤቱ። አንድ መቶ ጥቅል ገመድ አለ፣ አንድ በአንድ አነሳሁት። የለችም። ጉድጓዱን አየሁ፤ ጉድጓዱን ሳይ የሆንኩትን አልነግርህም። ስሟን ስጠራ ድምፄ ጠፋ። ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ ታምናለህ፣ ለካስ እሷ...»

እዚያ ላይ ነው። እየሳቀ ነበር። ሳቁን ሰማሁት፣ ከዚያ ምንም አልሰማሁም።

አሥራ ሦስት ዓመት መጨረሻውን ስፈልግ ኖሬያለሁ። ጥቅል ውስጥ ተኝተሽ አገኝሻለሁ፤ አይደለም፣ አንድ በአንድ አንስቷቸዋል። ጎረቤት ቤት አገኝሻለሁ፤ እናትሽ ሄዳለች። እሱ ያን ያህል የሳቀው የት ብትገኚ ነው?

አትጻፊልኝ። ስደርስ መጀመሪያ የፈለግሽውን ያህል ተቆጪኝ። ሲበቃሽ፣ እናትሽም ባለችበት፣ የት እንደነበርሽ በአፍሽ ንገሪኝ።